መርዶ የሚያደርስ ድረ ገጽ፦ «ኢንድ ኦፍ ላይፍ ዶት ዴት»

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጠው። ጥሩ ነው። ነጻ ነው። ገጹ ቀላል ስለሆነ ኔትወርክ ሲንቀራፈፍም ይከፈታል። ሶፍትዌር የምትሠሩ ወይም ለድርጅታችሁ የምታሠሩ ከሆነ ዛሬውኑ ግቡና እዩት። ግን የማይነግራችሁ ነገር አለ። እኛን ብዙ ያለፋን ደግሞ እሱ የማይነግረው ነው። ስለ ሁለቱም እጽፋለሁ።

ድረ ገጹ «ኢንድ ኦፍ ላይፍ ዶት ዴት» ይባላል። አድራሻው ስሙ ራሱ ነው። ሥራው አንድ ብቻ ነው። አንድ ሶፍትዌር፣ በየቨርዥኑ፣ መቼ እንደወጣ፣ እስከ መቼ እንደሚጠገን፣ ከመቼ ጀምሮ ደግሞ ባለቤቶቹ እጃቸውን እንደሚያነሱ በሠንጠረዥ ያሳያል። ሲስተም የሚሠራባቸው እነ ፒኤችፒ፣ ፓይተን፣ ኖድ፣ ላራቬል፣ አንጉላር፣ መረጃ የሚያከማቸው ማይኤስኪውኤል፣ ኮምፒውተር የሚያንቀሳቅሱት ኡቡንቱና ዊንዶውስ፣ ኧረ ስልክ ሁሉ አለበት። የሚያዘጋጁት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። መረጃው ሰው ኮዱን በሚያስቀምጥበት ድረ ገጽ፣ ጊትሃብ ላይ፣ ክፍት ነው። ስህተት ያየ ሰው አርሞ መላክ ይችላል።

እኔ የምሠራው ትንሽ ቤት ውስጥ ነው። ቢሯችን ሃያ ሁለት አካባቢ ነው። አዲስ ሲስተም ከመሥራት ይልቅ ሌላ ሰው ሠርቶት የሄደውን መረከብ ይበዛብናል። የቁጠባና ብድር ማኅበር አለ፣ ክሊኒክ አለ፣ የግል ትምህርት ቤት አለ። የመጀመሪያው ሠሪ ወይ ካናዳ ገብቷል፣ ወይ ስልኩን አያነሳም። ሲስተሙ ግን ይሠራል። ችግሩም መሥራቱ ነው። እየሠራ ያለ ነገር ውስጡ ምን እንዳለ ማንም አይጠይቅም።

ውስጡ ያለው በአብዛኛው የሌላ ሰው ሥራ ነው። ኤክሴል የሚያወጣው ክፍል፣ ኢሜይል የሚልከው፣ ደረሰኙን ፒዲኤፍ የሚያደርገው፣ ቀን የሚያስመርጠው፣ ሁሉም ከኢንተርኔት ወርደው የገቡ ናቸው። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም። የይለፍ ቃል የሚያመሰጥር ኮድ ራሴ እጽፋለሁ የሚል ጀማሪ ቢመጣ እኔው ነኝ የማስቆመው። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ያንን ክፍል ዛሬ የሚጠብቀው ማነው?

ድረ ገጹን ከልቤ የወደድኩት የቁጠባ ማኅበሩን ሲስተም ስንረከብ ነው። በአንድ በኩል የፓኬጆቹን፣ ማለትም ከውጭ የገቡትን ክፍሎች፣ ዝርዝር፣ በሌላ በኩል ድረ ገጹን ከፈትኩ። ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። ፒኤችፒ 7.4፦ ኖቬምበር 28 ቀን 2022 አብቅቷል። የገጽ ማሳመሪያው ቡትስትራፕ 3፦ ጁላይ 2019። አንጉላርጄኤስ፣ ማለትም የድሮው አንጉላር፦ ዲሴምበር 31 ቀን 2021። ሰርቨሩ ላይ የተጫነው ሴንትኦኤስ 7፦ ጁን 30 ቀን 2024። ድረ ገጹ ድጋፉ ያበቃውን በቀይ ነው የሚያሳየው፤ የእኛው ከላይ እስከ ታች ቀይ በቀይ ነው። የብድር ወለድ የሚያሰላው፣ የአባላቱን ቁጠባ የሚይዘው ሲስተም ማለት ይኸው ነው።

የማኅበሩን ሂሳብ ሹም ጠርቼ አሳየኋቸው።

«የኔ ልጅ፣ ይሠራል እኮ! ትናንት እንኳን ወለድ አስልቼበታለሁ።»

«ይሠራል ጋሼ። ድጋፉ ነው ያለቀው።»

«ድጋፉ አልቋል ስትዪኝ፣ አንድ ቀን በድንገት ቀጥ ይላል ማለትሽ ነው?»

«አይልም። ቀጥ ቢልማ ጥሩ ነበር።»

አልገባቸውም ነበር፤ ሰው ሁሉ እዚህ ጋ ነው የሚደናገረው። ድጋፍ ያለቀበት ሶፍትዌር አይቆምም። ሰርጎ ገብ የሚገባበት ቀዳዳ ሲገኝበት የሚደፍንለት ማጣቱ ነው ነገሩ። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ይሄ ነው፦ አዲሱ ቨርዥን ላይ ቀዳዳ ተገኝቶ ሲደፈን፣ የተደፈነበት ቦታ ለዓለም ሁሉ ይታያል። ኮዱ ክፍት ነዋ። አሮጌው ቨርዥን ብዙ ጊዜ ያንኑ ኮድ ይዟል። ስለዚህ ለአዲሱ የወጣው ማስተካከያ፣ አሮጌውን ሰብሮ መግባት ለሚፈልግ ሰው መንገድ ጠቋሚ ይሆነዋል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ መነጽራቸውን አውልቀው ሠንጠረዡን ድጋሚ አዩት። እኔ ስንት ጊዜ አፌ እስኪደርቅ ባስረዳ የማላሳምነውን ያ ቀይ ቀለም አሳመነልኝ። ከእኔ አፍ ሲመጣ ሥራ ፍለጋ ይመስላል። ከሌላ ቦታ ሲመጣ ማስረጃ ነው።

ለዚህ ነገር ጥሩ ምሳሌ ሎግፎርጄ ነው። ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሲስተሙ ምን እንደሠራ መዝግቦ የሚያስቀምጥ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌላ ሲስተም ውስጥ የሚገባ ዝግጁ ኮድ ነው። በዲሴምበር 2021 «ሎግፎርሼል» የተባለው ቀዳዳ ይፋ ሲሆን ለአደገኛነቱ ከአሥር አሥር ተሰጠው። የዓለም ባለሙያ እንቅልፍ አጣ። ያኔ የድሮውን ሎግፎርጄ 1 የሚጠቀሙ ሰዎች «እኛን አይነካንም» ብለው ተነፈሱ። እውነት ነው፤ ያ ቀዳዳ በዚያው መልኩ እነሱ ላይ አልነበረም። ግን የሎግፎርጄ 1 ድጋፍ ያበቃው በኦገስት 2015 ነው። ከወር በኋላ፣ በጃንዋሪ 2022፣ የራሱ ቀዳዳዎች ይፋ ሆኑ። የአዘጋጆቹ መልስ አጭር ነበር፦ አይጠገንም፣ ወደ ሁለተኛው ተሻገሩ። እፎይ ያሉት ሰዎች ሊጠግናቸው የሚመጣ ሰው እንደሌለ ያወቁት ያኔ ነው።

ድረ ገጹ ሌላም ነገር ያስተምራል፤ በትዕግሥት ለሚያየው። ኖድ 16 ድጋፉ የሚያበቃው ኤፕሪል 2024 ተብሎ ነበር። በኋላ ግን ቀኑ ቀደም እንዲል ተደርጎ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ሆነ። ለምን? ኖድ ራሱ በውስጡ ኦፕንኤስኤስኤል የሚባለውን የማመስጠሪያ ላይብረሪ ይጠቀማል። ኖድ 16 የያዘው ኦፕንኤስኤስኤል 1.1.1 ድጋፉ የሚያበቃው በዚያ ቀን ነበር። የኖድ ሰዎች ማንም የማይጠግነው ነገር ተሸክመን ሰባት ወር አንቆይም አሉ። እኔ ይህን ውሳኔ አደንቃለሁ። ስንቶቻችን ነን የተሸከምነውን ነገር ቀን አይተን የራሳችንን ቀን የምናሳጥር? እነሱ ትልቅ ናቸው፣ ሰው አላቸው። እኛም ግን ቢያንስ ቀኑን ማወቅ አያቅተንም።

ያ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ነው። እኔ ቀኑን የማስታውሰው በኖድ አይደለም።

የአንድ ክሊኒክ ሲስተም ተረክበን ነበር። በዚያ ቀን ጠዋት የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ ደወለች። ታካሚ መመዝገብ አልቻለችም። ቀን የሚያስመርጠው ሳጥን ጳጉሜን የሚያሳየው እስከ 5 ብቻ ነው። በእጅ ስትጽፈው «ትክክለኛ ቀን ያስገቡ» ይላታል። ሰልፉ በር ድረስ ደርሷል። ምን ታድርግ፣ ጳጉሜ 5 ብላ መዘገበች። ላቦራቶሪው ግን ቀኑን ከሰርቨሩ ስለሚወስድ፣ የታካሚው ካርድ ትናንት የተከፈተ፣ ምርመራው ዛሬ የታዘዘ ሆኖ ተቀመጠ። ሪፖርት ሲወጣ አንዱ ካንዱ አይገጥምም።

የቀን ሳጥኑ ከኢንተርኔት የወረደ ትንሽ ላይብረሪ ነው። ስሙን አልጠራም። ሠሪው በትርፍ ጊዜው ጽፎ በነጻ የሰጠን ሰው ነው፤ ከእኛ የተቀበለው ሳንቲም የለም፣ ዕዳም የለበትም። ጊትሃብ ገጹ ላይ ገባሁ። ኮዱ ከተነካ ዓመታት አልፈዋል። አንድ ሰው «ጳጉሜ 6 የለም» ብሎ ቀደም ብሎ ጽፎበታል። ሌላ ሰው ማስተካከያ ልኳል። ማስተካከያውን አነበብኩት፤ ትክክል ነው። የሚቀበለው ግን የለም። ክሊኒኩ ሲስተሙን ያሠራው በእኛ 2013 ስለሆነ እስከዚያ ቀን ድረስ ጳጉሜ 6 አልገጠመውም። ከዚያ በፊት የነበረችው ጳጉሜ 6 በ2011 ነበረች።

ይህን ላይብረሪ «ኢንድ ኦፍ ላይፍ» ላይ ብትፈልጉት አታገኙትም። አይወቀስም። እሱ የሚመዘግበው ታዋቂ የሆኑትን፣ ቨርዥናቸውን በወግ የሚያወጡትን፣ «በዚህ ቀን እናበቃለን» ብለው የሚናገሩትን ነው። መርዶ የሚያደርሰው መርዶ ከተላከለት ነው። ትንሽ ላይብረሪ ግን ማንም አያረዳውም። ሠሪው ሥራ ይቀይራል፣ ልጅ ይወልዳል፣ ይሰለቸዋል። ገጹ እንዳለ ይቀመጣል፤ ሰዎች የሰጡት ኮከብም እንዳለ፣ የሚያወርደው ሰው ብዛትም እንዳለ።

ሌሎቹ መሣሪያዎችም እዚህ ጋ ያታልላሉ። ጊትሃብ ላይ ያለውን ዲፔንዳቦትን ተመልከቱ። ለምትጠቀሙበት ላይብረሪ አዲስ ቨርዥን ሲወጣ ራሱ ማስተካከያ አዘጋጅቶ ይልክላችኋል። እኛም እንጠቀምበታለን፣ ግሩም ነው። ግን አዲስ ቨርዥን የማያወጣ ላይብረሪ ላይ ምን ይልካል? ምንም። የኖድ ላይብረሪዎችን የሚያወርደው ኤንፒኤም የያዘው መፈተሻ፣ ኤንፒኤም ኦዲትም፣ እንደዚያው ነው። የሚያስጠነቅቀው ቀዳዳው ተገኝቶ ከተመዘገበ ነው። ማንም ዞር ብሎ የማያየው ኮድ ላይ ቀዳዳ የሚያገኝም የለም፤ ቢያንስ በጎ ሰው አያገኝም። ስለዚህ ውጤቱ «ዜሮ ችግር» ይላል። በየሳምንቱ የሚጠገነው ላይብረሪ ማስጠንቀቂያ ይበዛበትና የታመመ ይመስላል። የተተወው ጸጥ ይልና ጤነኛ ይመስላል። አዳዲስ ልጆች ቢሯችን ሲመጡ በቅድሚያ የማሳያቸው ይህንን ነው።

አንዳንዱ መርዶ ደግሞ ይነገራል፣ ሰሚ ያጣል። እዚህ አገር የፒኤችፒ ሲስተም የተረከበ ሰው ፒኤችፒኤክሴልን ሳያውቀው አይቀርም። ሪፖርት ወደ ኤክሴል የሚያወጣው እሱ ነው። በፈረንጅ ከ2017 ጀምሮ ተትቷል፤ ቦታውን ፒኤችፒስፕሬድሺት ወስዷል። የፒኤችፒ ፓኬጆችን የሚያወርደውን ኮምፖዘርን ስታስኬዱ በግልጽ ይጽፍላችኋል፦ ይህ ፓኬጅ ተትቷል፣ በዚህ ተኩ። በቢጫ ነው የሚጽፈው። ያ ቢጫ ጽሑፍ ግን ከሌላ መቶ መስመር ጋር ሽው ብሎ ያልፋል። ኖድ ላይም «ሪኩዌስት» የሚባለው ላይብረሪ ከፌብሩዋሪ 2020 ጀምሮ በይፋ ጡረታ ወጥቷል። ኢንስቶል ባደረጋችሁት ቁጥር ይነግራችኋል። ሰዉ አሁንም ያወርደዋል። ኢሜይል የሚልከው ስዊፍትሜይለርም በኖቬምበር 2021 አብቅቷል፤ ላራቬል ከ9ኛው ቨርዥን ጀምሮ ትቶታል።

ተቃራኒውም ይገጥማል። ሺትጄኤስ የሚባል የኤክሴል ላይብረሪ አለ። ኤንፒኤም ላይ ያለው የመጨረሻው ቨርዥን 0.18.5 ነው። ኤንፒኤም ኦዲት «ቀዳዳ አለበት፣ ማስተካከያ የለውም» ይላችኋል። ስታዩት የሞተ ይመስላል። አልሞተም፤ ቤት ነው የለወጠው። አዘጋጆቹ አዲሱን ቨርዥን የሚያወጡት በራሳቸው ድረ ገጽ ነው። አንዱ ቀዳዳ 0.19.3 ላይ፣ ሌላው 0.20.2 ላይ ተደፍኗል። አንድ ባልደረባዬ ይህን ላይብረሪ ነቅሎ ሊጥል ሲል ደርሼ ነው ያስተረፍኩት። አድራሻውን መቀየር ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን የተተወ ነገር አዲስ ባለቤት ሲያገኝ ነው። በፈረንጅ 2018 ኢቨንትስትሪም የተባለ የኖድ ላይብረሪ ላይ የሆነው ይህ ነው። ሠሪው መጠቀሙን ካቆመ ቆይቷል። አንድ የማይታወቅ ሰው «ልርዳህ» ብሎ ጠየቀ። ሰጠው። አዲሱ ሰው ተንኮል ያለበት ሌላ ፓኬጅ ውስጡ ጨመረ። ዒላማው ኮፔይ የሚባል የቢትኮይን ቦርሳ ተጠቃሚዎች ነበሩ። በ2024 ደግሞ ፖሊፊል ተራው ደረሰ። የድሮ ብሮውዘሮችን ለመደገፍ ብዙ ድረ ገጾች አንድ መስመር ጽፈው ከፖሊፊል አድራሻ ኮድ ይጠሩ ነበር። አድራሻው በፌብሩዋሪ ለሌላ ኩባንያ ተሸጠ። የመጀመሪያው ሠሪ ራሱ «አሁኑኑ አስወግዱት» ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። በጁን ከዚያ አድራሻ የሚመጣው ኮድ ጎብኚውን ወደ ሌላ ገጽ መውሰድ ጀመረ። ከ100,000 በላይ ድረ ገጾች ይህን መስመር ይዘው ነበር።

ያንን መስመር ከተረከብናቸው የትምህርት ቤት ድረ ገጾች አንዱ ላይ አግኝተነዋል። የፖሊፊሉ ዋና ሥራ ጊዜ ያለፈባቸውን ብሮውዘሮች መርዳት ነው። ዛሬ ያንን ብሮውዘር የሚጠቀም ወላጅ የለም። ማለትም ለማንም የማይጠቅም መስመር፣ በማናውቀው ሰው እጅ፣ የሁሉም ወላጅ ስልክ ላይ ይሠራ ነበር። አጠፋነው። የቀየርነው ነገር ቢኖር ይኸው ብቻ ነው፤ ድረ ገጹ ምንም አልጎደለበትም።

ወደ ግምገማዬ ልመለስ። «ኢንድ ኦፍ ላይፍ» የራሱም ጉድለት አለው። ቀይ ቀለሙ የሚያየው የሠሪውን ቀን ብቻ ነው። ለምሳሌ ፒኤችፒ 7.4 ቀይ ነው። ግን ከኡቡንቱ 20.04 ጋር የመጣውን ፒኤችፒ 7.4 የኡቡንቱ ሰዎች ራሳቸው እስከ 2025 ድረስ ሲጠግኑት ቆይተዋል። ኡቡንቱ ፕሮ በሚባለው የተራዘመ ድጋፍ ደግሞ ከዚያም ይቀጥላል፤ ለግል ሰው እስከ አምስት ማሽን ነጻ ነው። ስለዚህ ቀይ ያየ ሁሉ «እሳት ተነሳ» ብሎ መሮጥ የለበትም። ከየት እንደጫነው ያጣራ። ገጹን ላይ ላዩን የሚያይ ሰው ይህን ልዩነት አያገኘውም።

ሌላው፣ ገጹ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። ለእኔ ችግር አይደለም። ለደንበኛ ሳሳይ ግን እየተረጎምኩ ነው።

ለአንዳንድ ያበቁ ሶፍትዌሮች ገንዘብ ከፍላችሁ ጥገና የሚቀጥሉላችሁ ኩባንያዎች አሉ። ለድሮው አንጉላርጄኤስ ይህን የሚሸጥ አለ። ውጭ አገር ላለ ድርጅት ይህ አማራጭ ነው። እኛ ጋ ግን ክፍያው በዶላር ነው። ለአንድ የቁጠባ ማኅበር ሶፍትዌር ዶላር ፈልጎ በየዓመቱ መክፈል የማይታሰብ ነው። ለእኛ ያለው መንገድ ወይ ማሻሻል ነው፣ ወይ ራስ መጠገን።

ክሊኒኩ ላይ ሁለተኛውን መረጥን። የቀን ሳጥኑን አውጥተን የራሳችንን ጻፍን። እንዲህ ያለ ነገር ራሳችሁ ጻፉት ብዬ ሁልጊዜ አልመክርም። የእኛ ካላንደር ግን ሕጉ አጭር ነው። ዓመተ ምሕረቱን ለአራት አካፍላችሁ ሦስት ከተረፈ ጳጉሜ ስድስት ናት፤ ካልሆነ አምስት። ብሮውዘሩ ራሱም «ኢንትል» በሚባለው ክፍሉ የፈረንጁን ቀን ወደ ኢትዮጵያ ለውጦ በአማርኛ ይጽፋል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ከኢትዮጵያ ወደ ፈረንጅ ግን አይመልስም፤ እሱን ራሳችን ጻፍነው። «ቴምፖራል» የሚባለው አዲሱ የጃቫስክሪፕት ክፍል ሁለቱንም ይችላል። ፋየርፎክስ ከሜይ 2025 ጀምሮ ይዞታል። ሁሉም ብሮውዘር ላይ ሲዳረስ የእኛንም ኮድ ጥለን ወደ እሱ እንገባለን። ቀጣዩዋ ጳጉሜ 6 በእኛ 2019 ናት፤ ካሁኑ በኮድ ሞክረናታል።

ሁሉም የተተወ ላይብረሪ ይነቀል ማለቴ ግን አይደለም። ሃያ መስመር ሆኖ፣ አንድ ነገር ብቻ የሚሠራ፣ ሥራውን የጨረሰ ኮድ አለ። ለዓመታት ባይነካ ምን ይሆናል? እንደዚያ ዓይነቱን ገልብጠን ወደ ራሳችን ኮድ እናስገባዋለን፤ የአጠቃቀም ፈቃዱ የሚያስችለን ከሆነ። ከኢንተርኔት የሚመጣውን፣ ከተጠቃሚው የሚቀበለውን፣ ፋይል የሚከፍተውን፣ የይለፍ ቃል የሚነካውን ግን በቁም ነገር ነው የማየው። የተመለሱና ያልተመለሱ ጥያቄዎችን አነባለሁ። አዲሱ ኖድ ወይም አዲሱ ፒኤችፒ ላይ ይሠራ እንደሆነ እሞክራለሁ። ቨርዥን የማውጣት መብት ያለው ሰው አንድ ብቻ ከሆነ እጽፈዋለሁ። ነገ ቢተወው እኛ መጻፍ እንችላለን ወይ ብዬም እጠይቃለሁ። መልሱ «አንችልም» ከሆነና ጠባቂው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ ሌላ እፈልጋለሁ።

«ኢንድ ኦፍ ላይፍ» ለዚህ ሥራ ግማሹን ያቀልልኛል። የእያንዳንዱ ሶፍትዌር ገጽ ቀኖቹን ወደ ስልክ ካላንደር የሚያስገባ ማገናኛ አለው። የምጠቀምባቸውን መርጬ አስገብቻቸዋለሁ። ኤፒአይም፣ ማለትም ፕሮግራም በቀጥታ መረጃ የሚጠይቅበት በር፣ አለው፤ መለያ ቁልፍ አይጠይቅም፣ ምዝገባ የለውም። ከእኛ አንዱ ልጅ ትንሽ ስክሪፕት ጻፈ። የየደንበኛውን ዝርዝር ይዞ በየሳምንቱ ይጠይቅና፣ ስድስት ወር የቀረው ካለ ቢሯችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለጥፋል። ስክሪፕቱ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ትንንሾቹን ላይብረሪዎች ደግሞ በእጅ የምንሞላው ሠንጠረዥ አለ። ስም፣ ጠባቂው ማን እንደሆነ፣ መጨረሻ የታየበት ቀን፣ ቢተው ምን እንደምናደርግ። አሰልቺ ሥራ ነው፣ አልዋሽም። ግን ይህን ክፍል ምንም ድረ ገጽ አይሠራልንም።

ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቼዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት የቀዩ ቀለም ነገር ስላልተመቸኝ ነው። ትንንሾቹን ባለመያዙ አልቀጣሁትም፤ ቃል አልገባም።

አንድ ነገር ከእሱ የተነሣ አሠራራችን ውስጥ ገብቷል። አሁን ከእያንዳንዱ ውል ጋር አባሪ ገጽ እናያይዛለን። ሲስተሙ በምን እንደተሠራ፣ የእያንዳንዱ ድጋፍ መቼ እንደሚያበቃ፣ ያኔ ማሻሻሉ የማን ሥራ እንደሆነና ዋጋው ለብቻው እንደሚታሰብ ይጻፍበታል። ድሮ ደንበኛ ይህን «ከውሉ ውስጥ ነው» ይለናል፣ እኛ «አይደለም» እንላለን፣ በመሐል ሲስተሙ ሳይነካ ይከርማል። ቁጠባ ማኅበሩን ወደ ፒኤችፒ 8.3 እና ወደ ኡቡንቱ 24.04 አሻገርነው። ከአባሪው ላይ የመጀመሪያው ቀን የፒኤችፒው ነው፦ ዲሴምበር 31 ቀን 2027። ጋሼ ጣታቸውን ቀኑ ላይ አድርገው «ይሄ በእኛ ስንት ነው?» አሉኝ። ታኅሣሥ 2020 መሆኑን ስነግራቸው፣ «እንግዲያው የ2020 በጀት ላይ ላስይዘዋ። ግምቱን ከሰኔ በፊት ላኪልኝ» ብለው ፈረሙ።